ቦርከና ሲወርድ ያንቀላፋው አንቴና

ከአዲስ አበባ መነሻ

ሥራዬ ኤሌክትሪክ ማስቆጠብ ነው። እንዲህ ስል ብዙ ሰው መብራት ኃይል የምሠራ ይመስለዋል፤ እኔ ግን የምሠራው ለስልክ ኔትወርክ ነው። በየተራራው ጫፍ የምታዩዋቸው ቀይና ነጭ የብረት ማማዎች ሰው ደወለም አልደወለም ቀንና ሌሊት ኤሌክትሪክ ይበላሉ። የመብራት መስመር የማይደርስባቸው ደግሞ በሶላር፣ በባትሪና በናፍጣ ጄኔሬተር ነው የሚኖሩት። ክረምት ሲገባ ፀሐይዋ ትጠፋለች፣ ጭቃው ናፍጣ የጫነ መኪና አላስወጣም ይላል። ስለዚህ ሰው በማይደውልበት ሰዓት ማማው ላይ ያሉትን ሬዲዮዎች እናስተኛቸዋለን። ሬዲዮ የምለው ዜና የምንሰማበትን ሳይሆን ስልካችሁን ከማማው ጋር የሚያገናኘውን ሣጥን ነው።

ወደ ደቡብ ወሎ የሄድኩት ይህንኑ ለማየት ነበር። ከሐርቡ አለፍ ብሎ አንድ ኮረብታ ላይ የቆመ ማማ አለ። ከሰዓት በኋላ የሚደውልበት ሰው ስለሌለ እስኪመሽ ድረስ እንዲተኛ፣ ናፍጣም እንዳይፈጅ ጄኔሬተሩ ከመምሸቱ በፊት በራሱ እንዳይነሳ፣ አዲስ አበባ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ካዘዝኩ ጥቂት ቀናት ሆኖኛል። ውጤቱ ያማረ ነበር። አለቃዬ "ሄደሽ በዓይንሽ አይተሽ ነይ፤ ከዚያ ሌሎቹም ላይ እንቀጥላለን" አለኝ። እግረ መንገዴን ኩታበርና ኮምቦልቻ ያሉትንም ማማዎች እንድጎበኝ ተነገረኝ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር፤ እኔ ፈሪ ነኝ። ገደል እፈራለሁ፣ ጭጋግ እፈራለሁ፣ ከፍታ እፈራለሁ። በማማ ሥራ ስኖር አንድም ማማ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ባለቤቴ ሻንጣዬን እየዘጋልኝ "ገደሉን ካላየሽው እሱም አያይሽም" ብሎ ቀለደብኝ። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ መንገዱን በሐሳቤ ስሄደው ነው ያደርኩት።

አውቶቡሱ ከላምበረት መናኸሪያ ሊነጋጋ ሲል ወጣ። የተሰጠኝ ወንበር በመስኮት በኩል ነበር። መተላለፊያው ጋ የተቀመጡ አንዲት ወይዘሮ "ልጄ፣ አየር ብትለቂልኝ" ሲሉኝ ከአፋቸው ቀምቼ ተነሣሁላቸው። መረቁኝ። ምክንያቴን አልነገርኳቸውም።

ከጣርማ በር እስከ ሐረጎ

ደብረ ብርሃንን አልፈን ጣርማ በር ስንደርስ ጭጋጉ አውቶቡሱን ዋጠው። ዋሻው ውስጥ ስንገባ እንዲያውም ደስ አለኝ፤ ዋሻ ውስጥ ገደል የለማ። ከዚያ ወዲያ እስከ ደብረ ሲና ያለውን ቁልቁለት የፊቴን ወንበር ጀርባ ጨብጬ ወረድኩት። ደብረ ሲና ላይ አንድ ስኒ ቆሎ በሃያ ብር ገዛሁ፤ እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስ የቆረጠምኩት ርቦኝ ሳይሆን ጥርሴ እንዳይንቀጫቀጭ ነው።

ሸዋ ሮቢት ሙቀቱ ተቀበለን። ሽሮ በላን፣ ማንጎ ገዛን፣ ሹራባችንን አወለቅን። ከዚያ በኋላ ኬላዎች ላይ እየወረድን መታወቂያ እያሳየን፣ ተመልሰን እየተሳፈርን ሄድን። ወታደሩ የእኔን መታወቂያ አገላብጦ ሲያይ ምንም ያላጠፋሁትን ሴትዮ ላብ አጠመቀኝ። ከሚሴን ካለፍን በኋላ በመንገዱ ዳር ቀይ ሽንኩርት በጆንያ ተደርድሮ ይሸጣል። ከሜዳው ባሻገር ቦርከና ጭቃ መስሎ፣ ዝም ብሎ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ሰነፍ ወንዝ ማንን ይጎዳል ብዬ እንዳሰብኩ ትዝ ይለኛል።

ሐርቡ ስንደርስ ማማዬን አየሁት። "ማማዬ" አልኩ በልቤ። ከከተማዋ ወዲያ፣ ከኮረብታው አፋፍ ወዲያ አናቱ ብቻ ብቅ ብሏል። ሰዓቱ ከሰዓት በኋላ ነበርና ተኝቷል። ከጎኔ ላሉት ወይዘሮ "ያንን ያስተኛሁት እኔ ነኝ" ማለት አማረኝ። እንኳንም አላልኩ።

ኮምቦልቻ ላይ የፋብሪካዎቹ ጭስ ከደመናው ጋር ተቀላቅሎ ነበር። ከዚያ ሐረጎን መውጣት ጀመርን። ጭጋጉ ወረደ፤ ከፊታችን የሚሄደው የጭነት መኪና የኋላ መብራት ብቻ ይታያል፣ እሱም አንዳንዴ ይጠፋል። አንድ ተሳፋሪ ዱአ ያደርጋል፣ ሌላዋ ድንግል ማርያምን ትጠራለች፤ እኔ ለሁለቱም አሜን እያልኩ ደሴ ገባሁ።

ፒያሳ

ደሴ በክረምት ብርዷ አጥንት ውስጥ ይገባል። በማግስቱ ጠዋት ፒያሳ አንድ ሻይ ቤት ከሰይድ ጋር ተገናኘን። ሰይድ የአካባቢውን ማማዎች የሚጠግን ቴክኒሻን ነው፤ ቀጭን፣ ፈገግተኛ፣ ያለ ቀልድ አንድ ዓረፍተ ነገር የማይጨርስ ሰው። ፉል በዳቦ አዘዘልኝና "ኢንጂነር፣ ማማ ላይ ትወጫለሽ ወይስ ሥሩ ሆነሽ ትጸልይልናለሽ?" አለኝ። እጸልያለሁ አልኩት።

ሻያችንን እየጠጣን ሳለ ኔትወርክ ጠፋ። ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ለእኔ ምንም አልነበረም። ሻይ ቤቱ ግን ጸጥ አለ። ሰው ሁሉ ስልኩን አወጣ፣ እርስ በርሱ ተያየ። አስተናጋጇ በር ላይ ቆማ መንገዱን ግራና ቀኝ ቃኘች። ኔትወርኩ ሲመለስ አንድ ሰውዬ በረጅሙ ተነፈሰና "አልሀምዱሊላህ" አለ።

"ምን ሆነው ነው?" አልኩት ሰይድን።

"እዚህ አገር ኔትወርክ ሲጠፋ ሰው ስለ ኔትወርክ አያስብም" አለኝ። እየቀለደ አልነበረም። "በጦርነቱ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነበር። ከዚያ ሌላው ይከተላል።"

የእኔን ሥራ፣ ያንን "ማስተኛት" የምለውን ነገር፣ እንደዚህ አስቤው አላውቅም ነበር።

ኩታበር

በሰይድ ፒክአፕ ወደ ኩታበር ወጣን። መንገዱ ዳር ገብስና ባቄላ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል፤ ሰማዩ ግን ከጠዋቱ አኩርፏል። ማማው ሥር የተቀበሉን ጥበቃው ጋሽ ይመር ናቸው። ስልሳን ያለፉ፣ ጋቢያቸውን የደረቡ፣ ጢማቸው የነጣ አርሶ አደር ናቸው፤ እርሻቸው ከማማው አጥር ይጀምራል።

"አሰላሙ አለይኩም" አለ ሰይድ።

"ወአለይኩሙ ሰላም! ሰይዶ! አፊያ ነህ? ልጆቹ አፊያ ናቸው? እናትህስ? መኪናህስ? ደሴ ዝናቡ እንዴት ነው? ሰዉ ደህና ነው?" ከዚያ ተራው የእኔ ሆነ። አባቴን፣ እናቴን፣ ባለቤቴን፣ ልጆቼን፣ መንገዱን፣ በመጨረሻም አዲስ አበባን በሙሉ ጠየቁልኝ። የአዲስ አበባ ሰው በዚያች ሰላምታ ውስጥ ሦስት ስብሰባ ይጨርሳል። እኔ ግን ከአውቶቡስ ከወረድኩ ጀምሮ ልቤ የተረጋጋው ያኔ ነው።

ሥራችንን ሠራን። ሣጥኖቹን የሚያቀዘቅዘው ኤሲ ብዙ ኤሌክትሪክ ስለሚበላ፣ በኩታበር ብርድ እሱን ዘግተን የውጭውን አየር በማራገቢያ እንዲያስገባ አደረግን። ጋሽ ይመር "ድሮም ግራ ገብቶኝ ነበር፤ በዚህ ብርድ ምን የሚያቀዘቅዝ ነገር አለው?" ብለው ሳቁ። የተቀቀለ ድንች በአዋዜ አቀረቡልን። ሦስታችንም ከበን በላን።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ተቀደደ። እንዲህ ያለ ዝናብ አይቼ አላውቅም። በረዶው የጥበቃ ቤቷን ቆርቆሮ ሲመታው መነጋገር አቃተን። ሲቀንስ ደግሞ ሌላ ድምፅ መጣ፤ ከየሸንተረሩ የሚወርድ ውሃ ያጓራል። ጋሽ ይመር በር ላይ ቆመው ያዳምጡ ጀመር። ከዚያ ከኮታቸው ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለች ትንሽ ስልክ አውጥተው ደወሉ፤ ጆሯቸው ላይ ያዙ፤ ፊታቸው ተለወጠ። እንደገና ደወሉ።

"ምን ሆኑ ጋሽ ይመር?"

"ልጄን ዘሀራን እምቢ አለኝ። ያቺ ሴትዮ ናት የምታወራው፣ 'ማግኘት አይችሉም' የምትለው።"

"ቢቆዩና ቢደውሉስ?"

"ይሄ ውሃ አይቆይማ ልጄ። ይሄ ሁሉ ወደ ቦርከና ነው የሚገባው። ዘሀራ ከሐርቡ ወዲያ ወንዙ ዳር ነው ያገባት ሰውዬ ያለው። ሽንኩርታቸው፣ ፓምፓቸው፣ ከብታቸው፣ ልጆቻቸው አሁን ወንዙ አፍ ላይ ናቸው። እዚያ ፀሐይ ነው። ሰማዩን ቢያዩ ምንም የለም። ውሃ መውረዱን የምነግራቸው እኔ ነኝ።"

"ምን ብለው ነው የሚነግሯት?"

"ምንም አልላት። ሦስት ጊዜ አስጮሃለሁ፣ እቆርጣለሁ። ሦስት ከሆነ ውሃ ወርዷል፣ ሁላችሁም ውጡ ነው።"

"ለምን አያናግሯትም?"

ነገሩን ማስረዳት እንደሚከብድ ሁሉ ወደ ሰይድ ዞር አሉ። "ካነሳችውማ ሰላምታ አለ። 'አባዬ አፊያ ነህ፣ እናቴ ወገቧን ተሻላት፣ ላሚቷ ወለደች' ትለኛለች። ልጄን እንዴት ነሽ ሳልላት ውሃ መጣብሽ ልበላት? እንዲያ ያለ ነውር አለ? ሰላምታው ሳያልቅ ደግሞ ውሃው ይደርሳል።"

"ወላሂ እውነታቸውን ነው" አለ ሰይድ። "ሒሳቡም ያልቃል።"

ወንዙ ዳር ያለው ሰው ሁሉ ባትሪ ለመቆጠብ ስልኩን አጥፍቶ እንደሚውል ጋሽ ይመር ነገሩኝ። ቻርጅ የሚደረገው ሐርቡ ሄዶ፣ ተከፍሎበት ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ የአንድ ቤት ስልክ ብቻ ተረኛ ሆኖ ክፍት ይውላል። እርሻው መሐል ካለው ግራር ላይ ይሰቅሉታል፤ ሲጮህ ሁሉም ይሰማል። በዚህ ሳምንት ተረኛዋ ዘሀራ ነች።

እኔ ኮምፒውተር ላይ የማየው የንግግር መጠን ነው። ጮኾ የተቆረጠ፣ ማንም ያላነሳው ስልክ እዚያ ውስጥ አይገባም። ከሰዓት በኋላ ማንም አይደውልም ያልኩበት ቦታ፣ ሰው ሳይናገር ሲደዋወል የኖረበት ቦታ ነበር።

"ከመቼ ጀምሮ ነው እምቢ የሚለው?" አልኩ። መልሱን አውቀዋለሁ።

"ካለፈው ጁምዓ ወዲህ ከዙሁር ሶላት በኋላ ይሄዳል፣ ማታ ይመጣል። ኔትወርክ መቼም ያው ነው ብለን ተውነው።"

አዲስ አበባ ያለው የቁጥጥር ክፍል ደወልኩ። የሥራ ባልደረባዬ የመንቂያውን ትእዛዝ ላከ፤ ማማው መልስ የለውም። ደጋግሞ ላከ። ዛሬ ፀሐይ ቢወጣም ሰሞኑን ደመና ስለነበር ባትሪው ወርዶ ራሱን ዘግቷል፤ ጄኔሬተሩን ሰው በእጁ ካላስነሳው አይነቃም። የዚያ ማማ ጥበቃ ስልክ ደግሞ የሚሠራው በዚያው ማማ ነው። ሰይድ ሐርቡ ከተማ ለሚያውቀው የባጃጅ ሾፌር ደወለ። "ጭቃ ነው፣ ባጃጅ አይገባም፤ በእግሬ ልሞክር" አለ ልጁ። ቀበሌ ደወልን። "እሺ፣ ሰው እንልካለን" አሉን። ያ "እሺ" ጭራሽ አስፈራኝ።

"እንሂድ" አለ ሰይድ፣ ቁልፉን አንስቶ።

"ማማው ምን ሆኖ ነው?" አሉኝ ጋሽ ይመር።

"ተኝቶ ነው።"

"አንቴና ይተኛል እንዴ?"

ሮጬ መኪናው ውስጥ ገባሁ። መኪናው ሲነሳ ዝናብ ውስጥ ቆመው ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ነበር።

ቁልቁለቱ

ደሴን እንዴት እንዳለፍን አላውቅም። ፒያሳ ላይ ባጃጆቹ ተጠላልፈው ነበር፣ ሰይድ ጥሩምባ እየነፋ መሐላቸው ገባ። እኔ የዘሀራን ቁጥር ከጋሽ ይመር ተቀብዬ እደውላለሁ፤ ያቺው ሴትዮ በዚያው ለስላሳ ድምፅዋ ማግኘት አይችሉም ትለኛለች። ድምፅዋን ጠላሁት።

"ውሃው ይቀድመናል?" አልኩት።

"ውሃው እየዞረ ነው የሚሄድ፣ እኛ አስፋልት ላይ ነን። አብሽሪ።" ይህን ሲል ግን ወደ እኔ አላየም።

ሐረጎ ላይ ጭጋጉ ከትናንቱ ብሷል። ዳገቱ ተንዶ ድንጋይና አፈር የመንገዱን ግማሽ ይዟል። ሰይድ ሌላውን ግማሽ ይዞ ማለፍ ነበረበት፤ ያ ግማሽ ገደል አፋፉ ላይ ነው። "ኢንጂነር፣ በአንቺ በኩል ጎማው ስንት እንደቀረው አልታየኝም። መስኮቱን ከፍተሽ እይልኝ" አለ።

"እኔ?"

"ሌላ ሰው አለ?"

መስኮቱን ከፈትኩ። አንገቴን አወጣሁ። ከጎማው ሥር ትንሽ አፈር አለ፣ ከአፈሩ ቀጥሎ ጭጋግ፣ ከጭጋጉ ሥር ምንም። እዚያ ላይ ሆኜ ማልቀስ ጀመርኩ፤ እያለቀስኩ ግን "አለህ፣ አለህ፣ ወደ ግራ ትንሽ፣ አለህ" እለዋለሁ። አለፍን። ሰይድም ለጥቂት ጊዜ ቀልዱን ረሳው።

ኮምቦልቻ

ኮምቦልቻ ፀሐይ ነበር። ለማመን ይከብዳል፤ አስፋልቱ ደርቋል፣ ሰው ጃንጥላ የያዘው ለፀሐይ ነው። ድልድዩ ላይ ግን ሰው ተሰብስቧል። ቦርከና የትናንቱ ሰነፍ ወንዝ አልነበረም። ቀይ ሆኖ አብጧል፣ ቅጠልና እንጨት ይዞ ይገፋል።

"አለፈ ወይ?" ብሎ ሰይድ አንዱን ወጣት ጠየቀው።

"ይሄ ገና ፊቱ ነው፣ ዋናው ከኋላ ነው" አለ ወጣቱ። "ስሙት እስቲ።"

ሰማነው። ከላይ፣ ከገደሉ መሐል የሚመጣ፣ የጭነት መኪና ዳገት ሲወጣ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ። ሰይድ ነዳጁን ረገጠው። እኔ አንድ ነገር ብቻ ነበር በልቤ የምለው፤ ዛሬ ሰው ከሞተ የገደልኩት እኔ ነኝ። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ፣ ሻዬን እየጠጣሁ፣ በአንድ ጣት።

ኮረብታው

ከሐርቡ ወጥተን የጥርጊያ መንገዱን እንደያዝን መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ትተነው ሮጥን። ኮረብታውን በምን ጉልበቴ እንደወጣሁት ጫማዬ ይመስክር፤ አንዱ እዚያው ቀርቷል። ጥበቃው እርሻው ላይ ነው፣ አጥሩ ተቆልፏል፤ ሰይድ ቁልፍ ነበረው። ጄኔሬተሩን ሲያስነሳው አስሎ ጠፋ። እንደገና ሞከረ። አስሎ ጠፋ። "ያ ረቢ፣ ዛሬ ብቻ" አለ ሰይድ፣ ወገቡን ይዞ። ቀጥሎ ጄኔሬተሩ ተነሣ።

"ሬዲዮው እስኪነቃ ይቆያል" አልኩት።

"አንቺ እሱን ጠብቂ፣ እኔ ወደ ታች ልሩጥ" አለና ቁልቁል ተንደረደረ።

ብቻዬን ቀረሁ። ከኮረብታው ሥር ሸለቆው ሁሉ ይታያል። ከተማዋ ያለው ሌላ ማማ ይህን ቦታ ይሸፍነዋል ብዬ ነበር ይኼኛውን ያስተኛሁት፤ ካርታዬ ላይ በመሐላቸው ያለው ኮረብታ ቀጭን መስመር ነበር። አሁን በባዶ እግሬ ቆሜበታለሁ፤ ከተማዋ ከበስተጀርባዬ ነች፣ ሸለቆው ከፊቴ። ታች ሰዎች ጎንበስ ብለው ያርማሉ። ላሞች ወንዙ ዳር ይግጣሉ። ልጆች ውሃው አጠገብ ይሯሯጣሉ። ከእርሻው መሐል አንድ ግራር ለብቻው ቆሟል። ጮህኩ። ነፋሱ ድምፄን ወሰደው፤ አንድም ሰው ቀና አላለም።

የሬዲዮው መብራት ቀይ ነው። ቀይ ነው። ቀይ ነው። እንዲህ ዓይነት ሣጥን ለመንቃት ምን ያህል እንደሚፈጅበት በቃሌ አውቀዋለሁ፤ በሪፖርቴም "አጭር ጊዜ" ብዬ ጽፌዋለሁ። ያን ቃል የጻፈች እጄን ነከስኳት። ወደ ላይ፣ ወንዙ ከሚታጠፍበት፣ ወፎች ከዛፎቹ ላይ በአንድ ጊዜ ተነሡ።

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ስልኬ ኔትወርክ አገኘ። ሰዎቹ ምልክቱን የሚያውቁት ከእሳቸው ነውና ጋሽ ይመር ጋ ደወልኩ፤ ወዲያው አነሡ።

"ጋሽ ይመር፣ አሁን ይደውሉ!"

"ልጄ! ደረሳችሁ ወይ? መንገዱ አፊያ ነው? ሰይድስ..."

"ጋሽ ይመር፣ ሰላምታው በኋላ! ይደውሉ!" ብዬ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ዘጋሁት። በሕይወቴ ሽማግሌ ላይ እንዲህ አድርጌ አላውቅም።

ከዚያ ማየት ብቻ ሆነ። ስልኩ ሲጮህ ከእኔ ዘንድ አይሰማም። ግራሩ አጠገብ ቢጫ ሻርፕ ያደረገች ሴት ቀና አለች። ቀጥ ብላ ቆመች። ሌሎቹም ቀና አሉ። ማንም አልተንቀሳቀሰም፤ እየቆጠሩ ነበር። ከዚያ ሴትየዋ ሁለት እጇን አነሣች፣ ሸለቆውም ተተረማመሰ። ገሚሱ ልጆቹን ያዘ፣ ገሚሱ ላሞቹን ነዳ፤ ሁለት ወንዶች ፓምፑን ነቅለው በእንጨት ተሸክመው ወደ ዳገቱ ሮጡ። ሰይድ ከታች ደርሶ አንዲት ሕፃን ታቅፎ ሲመለስ አየሁት።

ውሃው ከመታጠፊያው ብቅ አለ። ውሃ አይመስልም፤ መሬት ተነሥቶ የሚሄድ ይመስላል። ግንድ ይዟል፣ የአንድ ያልታደለ ሰው አጥር ይዟል። ሁሉም ወጥተዋል ብዬ ስተነፍስ ቢጫዋ ሻርፕ ወደ ኋላ ተመለሰች። ወደ ግራሩ።

"ተይው!" አልኩ። "ተይው፣ ተይው!" ማን ይሰማኛል? ቅርንጫፉን ይዛ ስትንጠራራ ውሃው ጉልበቷ ደረሰ። ከዚያ ወገቧ። ዓይኔን መጨፈን ፈለግኩ፣ እምቢ አለኝ። ሰይድና አንድ ሌላ ሰው እጅ ለእጅ ተያይዘው ገቡ፤ ሻርፑን ያዙ፣ ቀጥሎ ክንዷን ያዙ፣ ጎተቷት። ግራሩን ውሃው ዋጠው።

ወንዙ ዳር

ስወርድ ዘሀራ ዳገቱ ላይ ተቀምጣ ትንቀጠቀጣለች። ስልኳ በላስቲክ እንደተጠቀለለ ጉያዋ ውስጥ ነው። አንዲት ጊደር ሄዳለች፤ ከሽንኩርቱ ግማሹ የለም። ሰው ግን አልጎደለም፤ ደጋግመው ቆጥረዋል።

"ለምን ተመለስሽ?" አልኳት። እየተቆጣሁ ነበር፣ ፍርሃቴ ገና አልወጣልኝም።

"ተረኛ ነኛ" አለች። "በእኔ ተራ ስልክ ጠፋ ይባል?"

አባቷ መላልሰው እየደወሉ ነው፤ አሁን አንሥታ ታወራቸዋለች፤ ወገብ፣ ላም፣ ዝናብ፣ ሁሉንም። ስትጨርስ ወደ እኔ ዞረች። "አባዬ ነገረኝ። አላህ ይስጥሽ እህቴ። አላህ የክፉ ቀን ደራሽ አያሳጣሽ።"

ያን ምርቃት መሸከም አልቻልኩም። "ዘሀራ፣ ማማውን ያስተኛሁት እኔ ነኝ" አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት፤ ናፍጣውን፣ ባትሪውን፣ ማንም አይደውልም ማለቴን። ሰይድ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። በዙሪያዋ ያሉት ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። ይመቱኛል ብዬ ነበር።

"እኛም እንቆጥባለን" አለች ዘሀራ፣ በዝግታ። ከዚያ ዓይኗን ከወንዙ ላይ ሳትነቅል "ሌላም ቦታ አስተኝታችኋል?" አለችኝ።

"ገና ነው። ልናስተኛ ነው።"

"እዚያስ ማን ይደርስላቸዋል?"

እርጥቡን ሻርፕ ጨምቃ ተነሣች፤ ልጆቿን ትፈልግ ነበር።

መልስ

ያን ምሽት ኮምቦልቻ አደርን። በማግስቱ ከሰይድ ጋር ወደ ኮረብታው ተመልሰን ቅንብሩን ቀየርኩት። አንድ ሬዲዮ ምንም ቢመጣ እንዳይተኛ፣ የቀሩት ብቻ እንዲተኙ፤ ባትሪው ከወረደ ደግሞ ጄኔሬተሩ ሰዓት ሳይጠብቅ በራሱ እንዲነሣ አደረግኩ። የምንቆጥበው ናፍጣ ከበፊቱ ያነሰ ነው፤ መቆጠቡ ግን አልቀረም። ኮምቦልቻ ያለውን ማማም አየሁ፤ እሱ ከተማ መሐል ነውና ችግር የለበትም። ሰይድ መናኸሪያ ድረስ ሸኝቶኝ አንድ ከረጢት ሽንኩርት አስያዘኝ። ዘሀራ ናት የላከችው፤ ከተረፈው። አልቀበልም ብል "ነውር ነው" አለኝ። ተቀበልኩ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ጫማዬ መለወጡን አይቶ ምን ሆንሽ አለኝ፤ አወራሁለት። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ረጅም ነገር አይደለም። ሰው አልተናገረም ማለት ሰው የለም ማለት አይደለም፤ ኮምፒውተሬ ዜሮ የሚለኝ ቦታ ላይ ሰው ሊኖር ይችላል። ይህን ከወንበር ላይ ሆኖ ማወቅ አይቻልም። ኃይል መቆጠብ አለብን፣ ይህንንም አሁንም አምናለሁ። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ዝናብ ሲጥል ቶሎ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ቢሮ ስብሰባ ተቀመጥን። የሚቀጥሉትን ማማዎች ካርታ ግድግዳው ላይ አበሩት፤ ሁሉም ገጠር ናቸው፣ ሁሉም ከሰዓት በኋላ ዜሮ። አልፈርምም አልኩ። አንድ ሰው ወደ እያንዳንዱ ሄዶ፣ ሥሩ ያለውን ሰው ስልካችሁን እንዴት ነው የምትጠቀሙት ብሎ እስኪጠይቅ ድረስ አንዱንም አልነካም።

አለቃዬ መነጽሩን አወለቀ። "በዚህ ክረምት? መንገዱን አይተሽዋል። ማን ነው የሚሄደው?"

መንገዱን አይቼዋለሁ። ከጎማው ሥር ያለው ትንሽ አፈር፣ ከእሱ ሥር ያለው ምንም፣ ሁሉም እንደገና ፊቴ መጣ። ከዚያ ስሙን የማላውቀው አንድ ሸለቆ አሰብኩ፤ ፀሐይ ወጥቶበት፣ ሰዎቹ ጎንበስ ብለው እያረሙ።

"እኔ" አልኩ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ ሁሉም ሰምተውታል።